ሳይክስ የሚባለው የእንግሊዝ ስም ከየት መጣ? ሁሉም ሳይክስ ዘመድ ነው ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምንኖረው ሊድስ ነው። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው፣ የቤተሰብ ስማቸው ሳይክስ ነው። ልጃችን ስለ ስሟ ጽፋ እንድትመጣ ትምህርት ቤት ታዛለች። የባለቤቴ አባት ሁሉም ሳይክስ ከአንድ ሰው ነው የወረደው፣ እኛ ደግሞ የሰር ማርክ ሳይክስ ዘር ነን፣ የሳይክስ ፒኮው ሰውዬ፣ ይላሉ። ኦንላይን ላይም የሳይክስ አርማ የሚባል ገዝተው በፍሬም ሳሎን ሰቅለዋል። እኔ ደግሞ ሳይክስ የሚባል ቅድመ አያት የነበራቸው ይመስለኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥም ጥቁር ሳይክሶች አይቻለሁ። እውነቱ የቱ ነው? ዲኤንኤ ብናስመረምር ይለይልናል?»

ከስሙ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው። ሳይክስ የሚባል ቅድመ አያት አልነበረም። እኛ ጋ ከስምሽ ቀጥሎ ያለው የአባትሽ፣ ከሱ ቀጥሎ የአያትሽ ስም ስለሆነ የፈረንጅ ላስት ኔም ስናይ ወዲያው የሆነ ሰውዬ ስም ይመስለናል። እንግሊዝ ጋ ከአባት ስም የመጡም አሉ፣ ጆንሰን እና ሪቻርድሰን እንደዛ ናቸው፣ ከሙያ የመጡ አሉ፣ ስሚዝ ቀጥቃጭ ነው ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው፣ ከቅጽል ስም የመጡም አሉ፣ በጣም ብዙዎቹ ግን ከቦታ የመጡ ናቸው፣ ሰውየው ከሚኖርበት መንደር ወይም ከቤቱ አጠገብ ካለ ዛፍ፣ ድልድይ፣ ኮረብታ። ሳይክስ ከነዚህ ነው።

ሳይክ በሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ትንሽ ወራጅ ውሃ ነው፣ ወንዝ የማይባል፣ ብዙ ጊዜ ረግረጋማ ሣር መሀል የሚሄድ፣ በበጋ ሊጠፋ የሚችል፣ የሁለት ሰው መሬት የሚገናኝበት ድንበር ሆኖ የሚያገለግል። ቃሉ ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ ነው፣ ሰሜን ላይ ኖርስ የሚናገሩት ቫይኪንጎችም ተመሳሳይ ቃል ስለነበራቸው መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ጠንክሮ ሳይክ ሆኖ ቀረ፣ ወደ ሚድላንድስ፣ ወደ እንግሊዝ መሀል አገር፣ ስትወርጂ ደግሞ ያው ቃል ሲች ይሆናል፣ ሲች የሚባል የቤተሰብ ስምም ከዛ ወጥቷል። ስለዚህ የባለቤትሽ ስም ገና ስትሰሚው ሰሜን እንግሊዝ ይላል። ከሃደርስፊልድ ወደ ማንቸስተር በሚሄደው ባቡር ተሳፍረሽ ማርስደን ከመድረስሽ በፊት በመስኮት ወደ ላይ ብታዪ ነገሩ ይገባሻል፣ ከተራራው ጥቁር ረግረግ ውስጥ እየተንጠባጠበ ወጥቶ በድንጋይ አጥሮቹ ስር የሚወርድ ቀጭን ውሃ ዳገቱ ላይ በየቦታው አለ። በካርታ ላይም ሳይክ የሚል ቃል ያለባቸው የቦታ ስሞች በሰሜን እንግሊዝ ሞልተዋል፣ ዶንካስተር አካባቢ ሳይክሃውስ የሚባል መንደር ራሱ አለ።

እንዴት የቤተሰብ ስም ሆነ ወደሚለው ስንመጣ፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተራው ገበሬ የሚወረስ ስም አልነበረውም። መጀመሪያ የያዙት ባላባቶቹ ናቸው፣ ለመሬት ውርስ ስለሚጠቅማቸው። ተራው ሰው ጋ ነገሩ የወረደው ከ1200 እስከ 1400 ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ነው፣ ሰሜኑ ከደቡቡ ዘግይቷል። ምክንያቱ ወረቀት ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ጆን እና ዊሊያም የሚባል ሰው ከበዛ፣ ግብር የሚሰበስበው ጸሐፊ ወይም የባላባቱ ፍርድ ቤት ቅጣት የሚጽፈው ሰው የቱ ጆን እንደሆነ መለየት አለበት፣ ስለዚህ «ጆን ዴል ሳይክስ» ብሎ ይጽፋል፣ ጅረቶቹ ጋ ያለው ጆን ማለቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄ አድራሻ ነው እንጂ ስም አይደለም፣ ልጁ ከዛ ቦታ ተነስቶ ሌላ ሸለቆ ሄዶም በዚሁ ሲጠራ ያኔ ስም ሆነ ማለት ነው። «ዴል» የምትለዋ ቀስ በቀስ ወደቀች፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ግን ቀረች። አንዳንዴ ብዙ ጅረት መሆኑን ታሳያለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በልማድ ብቻ የተጨመረች ናት።

ይሄን ሁሉ በግምት አይደለም የምናውቀው። የዌክፊልድ ባላባት ፍርድ ቤት መዝገብ ከ1274 ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ በተከታታይ አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ በዚህ ርዝመት የተረፈ ጥቂት ነው፣ የሚገኘው ደግሞ አንቺ ያለሽበት ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የማን ከብት የማን ማሳ ገባ፣ ማን ያለፈቃድ እንጨት ቆረጠ፣ ማን መሬቱን ለልጁ አስተላለፈ፣ ሁሉም በላቲን ተጽፏል። ከዛ ደግሞ የ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር አለ፣ የዌስት ራይዲንግ፣ የዮርክሻየር ምዕራባዊ ክፍል፣ ዝርዝር በደንብ ከተረፉት አንዱ ነው። መንደር በመንደር ይሄዳል፣ የሰውየው ስም፣ ቀጥሎ «እና ሚስቱ» ይላል፣ የሚስቲቱ ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ መጨረሻ ላይ የተከፈለው ይቀመጣል፣ ለአብዛኛው ሰው 4 ፔንስ። የዛሬዎቹ የዮርክሻየር ስሞች ብዙዎቹ እዛ ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ ሳይክስም አለ፣ ግን አንድ መንደር ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። የባለቤትሽ አባት ሐሳብ የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው።

የሳይክስ የድሮ ምልክቶች በዋናነት የሚገኙት ዛሬ ሃደርስፊልድ ዙሪያ በምንለው አገር ነው። በሃደርስፊልድ እና በዌክፊልድ መሀል ያለችው ፍሎክተን አለች፣ በኮልን ሸለቆ ያለችው ስሌይዝዌይት አለች፣ ባልሽ በትክክል «ስላዊት» ብሎ ነው የሚጠራት፣ ከተራራው ማዶ ደግሞ ሳድልወርዝ አለች፣ ዛሬ በአስተዳደር ከኦልድሃም ጋር ማንቸስተር ስር ናት፣ እስከ 1974 ድረስ ግን የዮርክሻየር ነበረች። በነዚህ ቦታዎች ሁሉ ጅረት አለ፣ በየጅረቱ አጠገብም ቤት ነበር፣ በየቤቱ ያለው ሰውዬ በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል፣ ጎረቤቱ ሸለቆ ያለውን ሳያውቀው። ከወረቀቱ ተነስተሽ ብታዪው ስሙ ከአንድ በላይ መነሻ አለው። ይሄ የኔ ጠንካራ አቋም ነው፣ ዲኤንኤውም ስንደርስበት እንደማየው አያፈርሰውም።

ግን ለምን እዛው አካባቢ እንደዚህ በዛ? ካርታው በጣም የሚገርም ነው፣ በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመስርተው የተሠሩ የስም ካርታዎች ላይ ሳይክስን ብትፈልጊ ዌስት ራይዲንግ ላይ ተከምሮ ታገኚዋለሽ፣ ደቡብ እንግሊዝ ላይ ሳስቶ ይታያል፣ ዛሬም ሃደርስፊልድ ውስጥ በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ የሚሰማ ስም ነው። ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛው የ1348ቱ እና የ1349ኙ ወረርሽኝ ነው፣ የእንግሊዝን ሕዝብ ከሲሶ እስከ ግማሽ ጨርሷል፣ ብዙ የስም ዘር ገና ሥር ሳይሰድ እዛ ላይ ተቆርጧል፣ የተረፉት ጥቂት ቤተሰቦች ባዶ የቀረውን መሬት ይዘው በዙ፣ አንድ ሰው አምስት ወንድ ልጅ ካደረሰና ጎረቤቱ ሴቶች ብቻ ከወለደ በሁለት በሦስት ትውልድ የመንደሩ ስም የአንዱ ይሆናል፣ ዕድል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሁለተኛው ሱፍ ነው። የተራራው መሬት ለእህል ደካማ ነው፣ ቤተሰቡን ብቻውን አይመግብም፣ ስለዚህ ሰዉ ጥቂት ከብት ያረባል ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሱፍ ይፈትላል ጨርቅ ይሸምናል፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ወደ ገበያ ይዞ ይወርዳል። እስካሁን በኮልን ሸለቆ የሸማኔ ቤቶች የሚባሉት ቆመው አሉ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ መስኮት ከመስኮት ተጠጋግቶ ከግድግዳ ግድግዳ የተደረደረባቸው፣ ሸማኔው ብርሃን እንዲያገኝ። ሁለት ገቢ ስላለው መሬቱ ለልጆች ቢከፋፈልም ልጁ መሰደድ አላስፈለገውም፣ እዛው ቤት ሠርቶ እዛው ወለደ። ከዛ ፋብሪካው ሲመጣም ወደ ሸለቆው ወረደ እንጂ ርቆ አልሄደም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ላንቺ በተለይ ደስ የሚል ስለሆነ። በነዚህ ተራሮች ላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ የቤተሰብ ስሙ መለያ መሆኑን አቁሞ ነበር፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ስንት ጆን ሳይክስ ካለ ላስት ኔም ምን ይጠቅማል? ሰዉ እርስ በርስ የሚጠራራው በአባት ስም ነበር። በ1832 ሳድልወርዝ ተራራ ላይ ያለ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ አባትና ልጅ ተገደሉ፣ ገዳያቸው እስከዛሬ አልታወቀም፣ በመዝገብ ስማቸው ዊሊያም እና ቶማስ ብራድበሪ ነው፣ አገሩ ግን የሚያውቃቸው «ቢል ኦ ጃክስ» እና «ቶም ኦ ቢልስ» ብሎ ነው፣ የጃክ ልጅ ቢል፣ የቢል ልጅ ቶም። ይሄ የኛው አጠራር ነው። ስለዚህ ልጅሽ በትምህርት ቤት ወረቀቷ ላይ በእናቷ አገር ያለው የስም አወጣጥ በአባቷ አገር ተራራ ላይም ይሠራበት ነበር ብላ ብትጽፍ እውነት ነው፣ አስተማሪዋ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

አሁን ወደ ዲኤንኤው። የባለቤትሽ አባት «ሁሉም ከአንድ ሰው ነው» የሚሉት ከአየር አምጥተውት አይደለም፣ ይሄ ወሬ የተነሳው ከእውነተኛ ጥናት ነው። ብራያን ሳይክስ የሚባል የኦክስፎርድ የጄኔቲክስ ፕሮፌሰር ነበረ፣ በ2020 ነው ያረፈው፣ እና ያኔ የመድኃኒት ኩባንያው የግላክሶ ዌልከም ሊቀመንበር የነበሩት ሰር ሪቻርድ ሳይክስ ዝምድና አለን ወይ ተብሎ የሁለቱ ዋይ ክሮሞዞም ተነጻጸረ፣ ገጠመ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው የሚተላለፈው፣ የእንግሊዝ ላስት ኔምም በተለምዶ በዛው መስመር ስለሚሄድ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ከዛ ፕሮፌሰሩ ከዮርክሻየር፣ ከላንክሻየር እና ከቼሻየር ሳይክስ የሚባሉ ወንዶችን በደብዳቤ ጠይቆ የ48 ሰው ናሙና መረመረ፣ ውጤቱም በ2000 ታተመ። ከ48ቱ 21ዱ፣ ማለትም 43.8 በመቶው፣ አንድ ዓይነት ዋይ ነበራቸው፣ ይሄ ዋይ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት ሌላ ስም ካላቸው ሰዎች ውስጥ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ መነሻው አንድ ሰው ነው ብለው ደመደሙ፣ የቀሩትን ደግሞ በ700 ዓመት ውስጥ ከትዳር ውጭ በተወለዱ፣ በጉዲፈቻ በመጡ፣ በእናት ስም በተጠሩ ልጆች አስረዱ፣ በየትውልዱ በአማካይ 1.3 በመቶ ቢሆን ነው ብለው ገመቱ።

ጥናቱ ጥሩ ነው፣ በዘመኑ ፈር የቀደደ ነው፣ ግን ሰዎች ከሚሉት በታች ነው የሚለው። አንደኛ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልገጠሙም፣ «ሁሉም» የሚለው እዛው ላይ ወደቀ። ሁለተኛ፣ የታየው ዋይ ላይ ያሉ አራት ምልክቶች፣ ማለትም ሰውን ከሰው ለማነጻጸር የሚታዩ ቦታዎች፣ ብቻ ናቸው፣ ዛሬ 37፣ 111 እና ከዛ በላይ ነው የሚታየው፣ አራት ምልክት ላይ የገጠመ ሰው 37 ላይ ሊለያይ ይችላል። ሦስተኛው ዋናው ነው፣ ይሄው ውጤት ከብዙ መነሻም ሊመጣ ይችላል። አሥር ሰዎች በአሥር ጅረት አጠገብ ስሙን ቢይዙና ወረርሽኙ፣ ድህነቱ፣ ወንድ ልጅ ማጣቱ ብዙዎቹን ቢያጠፋ፣ አንዱ ደግሞ ዕድለኛ ሆኖ ቢረባ፣ ከ700 ዓመት በኋላ የምታገኚው ልክ ይሄንን ነው፣ አንድ ትልቅ ጎሳ እና በዙሪያው የተበታተኑ ትናንሽ መስመሮች። ጥናቱ ራሱ የጽሑፍ ምንጮቹ ብዙ መነሻ እንደሚጠቁሙ አልካደም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዛ በኋላ በብዙ ስሞች ላይ የሠሩት ሥራም ሥዕሉን ግልጽ ያደርገዋል፣ በጣም ብርቅ የሆኑ ስሞች ላይ፣ ለምሳሌ አተንቦሮ፣ አብዛኛው ሰው አንድ ዋይ ነው ያለው፣ ስሚዝ ላይ ደግሞ ስሙ ስለ ዝምድና ምንም አይነግርሽም፣ ቀጥቃጭ በየመንደሩ ስለነበረ። ሳይክስ መሀል ላይ ነው የሚወድቀው። ባለቤትሽ ከትልቁ ጎሳ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ስሙን ብቻ ይዞ ማንም ሊነግርሽ አይችልም።

የሰር ማርክ ነገር። ይሄኛውን በጨዋ ቋንቋ ግን በግልጽ ነው መንገር ያለብሽ፣ አይመስልም። ሰር ማርክ ሳይክስ የተወለዱት 1879 ነው፣ ከፈረንሳዩ ፒኮ ጋር የመካከለኛው ምሥራቅን ካርታ የከፋፈሉበት ስምምነት 1916 ነው፣ በ1919 ፓሪስ ውስጥ በዛ በታወቀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ39 ዓመታቸው ሞቱ። የስሌድሚር ባሮኔት ናቸው፣ ባሮኔት የሚወረስ የእንግሊዝ ማዕረግ ነው፣ ስሌድሚር ደግሞ ምሥራቅ ዮርክሻየር ነው፣ ከሃደርስፊልድ ሩቅ። ቤተሰቡ በሊድስ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ወደ ሃል ወደብ ሄዶ በባሕር ንግድ ከበረ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን በጋብቻ የስሌድሚርን ርስት ያዘ፣ በ1783 የባሮኔት ማዕረግ አገኘ። እንደዚህ ያለ ቤተሰብ እያንዳንዱ ልደትና ጋብቻው በመኳንንት መዝገብ ላይ አለ። ሰር ማርክ ስድስት ልጆች ነበሯቸው፣ ከነሱ የወረደ ሰው ሊድስ ውስጥ ቢኖር አያቱ ማን እንደሆነ በደንብ ያውቀዋል፣ መፈለግም አያስፈልገውም። ከሰር ማርክ በላይ ባለ ትውልድ ይገናኛሉ ከተባለ ደግሞ ያ በወረቀት መታየት አለበት፣ ስም አንድ መሆኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም።

አርማውም እንደዛው። በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፣ የሚወርሱትም በሕጋዊ የወንድ መስመር የሱ ዘሮች ናቸው። «የሳይክስ ቤተሰብ አርማ» የሚባል ነገር የለም፣ የማንም ላስት ኔም አርማ የለም። ይሄን የሚቆጣጠረው ከ1484 ጀምሮ ያለው ለንደን የሚገኘው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው፣ አሁንም በግልጽ የሚለው ይሄንኑ ነው። እነዚህ ዌብሳይቶች የሚያደርጉት አንድ ሳይክስ የሚባል ሰው ያገኘውን አርማ ወስደው ስሙ ለሚመሳሰል ሁሉ መሸጥ ነው። እሳቸው ለጌጥ ከወደዱት ግድግዳው ላይ ይቆይ፣ ልጅቷ ግን ትምህርት ቤት የቤተሰባችን አርማ ነው ብላ እንዳትጽፍ፣ ስህተት ነው።

ስሙ ከዛ ሸለቆ እንዴት ወጣ የሚለውን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙም ውስብስብ አይደለም። መጀመሪያ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ላንክሻየር ጥጥ ፋብሪካዎች፣ ኦልድሃም ሮችዴል ማንቸስተር፣ ኮሜዲያኑ ኤሪክ ሳይክስ በ1923 የተወለደው ኦልድሃም ነው። ከዛ ሊድስ እና ሼፊልድ። ከዛ አውስትራሊያ፣ ኒው ዚላንድ፣ ካናዳ፣ የሱፍ ሥራ የሚያውቁት ደግሞ ወደ አሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ፋብሪካዎች።

የጥቁር አሜሪካውያኑ ታሪክ ግን ሌላ ነው፣ በጥንቃቄ መነገር አለበት። ስሙ በቨርጂኒያ እና በካሮላይና አካባቢ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ነበር፣ Sykes ተብሎም Sikes ተብሎም ይጻፋል። ባርነት በ1865 ሲቀር ነፃ የወጡት ሰዎች በመንግሥት ወረቀት ላይ ሙሉ ስም ያስፈልጋቸው ጀመር፣ አንዳንዱ የመጨረሻ ጌታውን ስም ያዘ፣ አንዳንዱ አባቱ ወይም አያቱ የነበሩበትን የድሮ ጌታ ስም፣ አንዳንዱ በባርነት ዘመን በምሥጢር ሲጠራበት የነበረውን፣ አንዳንዱ ደግሞ ከማንም ጋር የማይገናኝ የወደደውን። ከጦርነቱ በፊት ነፃ የነበሩ ጥቁር ቤተሰቦችም ነበሩ። ኮሜዲያኗ ዋንዳ ሳይክስ የተወለደችው ፖርትስመዝ ቨርጂኒያ ነው፣ የብሉዝ ፒያኒስቱ ሩዝቬልት ሳይክስ በ1906 አርካንሳ። እነሱ ከዮርክሻየር ሳይክስ ጋር የደም ግንኙነት ሊኖራቸው ይችላል፣ ላይኖራቸውም ይችላል፣ ስሙ አይነግርሽም። የነሱን ፍለጋ ከባድ የሚያደርገው በ1850 እና በ1860 ቆጠራ በባርነት ያሉት በጌታው ስም ስር ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ብቻ ሆነው መቆጠራቸው ነው፣ የራሳቸው ስም የለም። በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? የኔ ምክር አንድ ነው፣ ከዲኤንኤ በፊት ወረቀት፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ። ከታዋቂ ሰው ጀምሮ ወደ ራስ መውረድ ሁልጊዜ የሚፈልጉትን ያስገኛል፣ ለዛ ነው የማይታመነው። ከባለቤትሽ አባት የልደት ሰርተፊኬት ጀምሪ፣ እዛ ላይ የአባታቸው ስምና ሥራ፣ የእናታቸው የትውልድ ስም አለ። በሱ የወላጆቻቸውን ጋብቻ ታገኛለሽ፣ የጋብቻው ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስም ይሰጥሻል፣ እንደዚህ እያልሽ ደረጃ በደረጃ። የመንግሥት የልደት ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1837 ነው፣ ማውጫውን በነፃ ኦንላይን ማየት ይቻላል፣ ሰርተፊኬቱ ግን ይከፈልበታል። ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ስም የያዘ ቆጠራ አለ፣ እስከ 1921 ያለው ተከፍቷል፣ የ1931ዱ በእሳት ወድሟል በ1941 አልተቆጠረም፣ ያንን ክፍተት የ1939 መዝገብ በከፊል ይሞላልሻል። ከ1837 በፊት ያለው የደብር መዝገብ ነው፣ ክርስትና፣ ጋብቻ፣ ቀብር፣ ከ1538 ጀምሮ እንዲያዝ የታዘዘ። የዌስት ዮርክሻየር ደብሮች መዝገብ ዌክፊልድ ባለው መዝገብ ቤት ይገኛል፣ አብዛኛውም አንሴስትሪ የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ዌብሳይት ላይ ተጭኗል፣ ራስሽ ከመክፈልሽ በፊት ግን ላይብረሪ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ጋ በነፃ ይከፈታል።

ሦስት ቦታ ላይ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። አንዱ የኮልን ሸለቆ ሰው ብዙው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት የሜቶዲስት እና የባፕቲስት ሰው ነበር፣ ልጁ በደብሩ መዝገብ ካልተገኘ አልተወለደም ማለት አይደለም፣ የጸሎት ቤቶቹ መዝገብ ብዙው ለንደን ኪው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ነው፣ ኦንላይንም አለ። ሁለተኛው አቆጣጠር ነው፣ እኛ ይሄን ከማንም በላይ እንረዳዋለን፣ እስከ 1751 ድረስ እንግሊዞች ዓመቱን የሚቀይሩት ማርች 25 ላይ ነበር፣ ስለዚህ ኤፕሪል 1720 የተጋቡ ሰዎች ፌብሩዋሪ 1720 ልጅ ክርስትና አስነሱ የሚል ብታገኚ አትደንግጪ፣ ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። ሦስተኛውና የከፋው በስም መመሳሰል መዝለል ነው፣ ስሌይዝዌይት ውስጥ በአንድ አሥር ዓመት የተወለዱ ሁለት ሦስት ጆን ሳይክስ ታገኛለሽ፣ ሥራውን፣ የሚኖርበትን እርሻ፣ የሚስቱን ስም፣ በልጅነቱ ሞቶ የተቀበረም ካለ ቀብሩን ሳታይ አንዱን የኛ ነው ብለሽ እንዳትወስጂ። ኦንላይን ያሉ የሰው የቤተሰብ ዛፎች ላይ ያለው ስህተት አብዛኛው ከዚህ ነው፣ አንዱ የሌላውን ይገለብጣል፣ መቶ ሰው ስለጻፈው እውነት አይሆንም።

ለትምህርት ቤቱ ግን ይሄን ሁሉ መጨረስ አያስፈልጋትም። የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን ሰርተፊኬት፣ አንድ ቆጠራ ላይ የተገኘ ቤተሰብ፣ የጅረቱን ትርጉም እና የሸለቆውን ካርታ ይዛ ብትሄድ ከበቂ በላይ ነው።

ወረቀቱ 1750 አካባቢ ደርሶ ከቆመ ወይም የሃደርስፊልድ አካባቢ መሆኑ ከተረጋገጠ ያኔ ዲኤንኤ ይጠቅማል። የዋይ ምርመራ መሆን አለበት፣ አንሴስትሪ የሚሸጠው ተራው ምርመራ ከሁሉም ወገን ያለውን ቅርብ ዘመድ ነው የሚያሳየው፣ ለ700 ዓመት መስመር አይሆንም። ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ ዋይን ለብቻው ይመረምራል፣ ከ37 ምልክት በታች አትግዙ። ልጅሽ ዋይ ስለሌላት የሷ ናሙና ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፣ ባለቤትሽ ወይም አባቱ ናቸው መስጠት ያለባቸው። ከመላክሽ በፊት ግን ባልሽንም አባቱንም ቁጭ አድርገሽ አነጋግሪ፣ ምርመራው ከየትኛውም ሳይክስ ጋር አልገጠመም ሊል ይችላል፣ ምክንያቱ በ1500ዎቹ የሆነ ጉዲፈቻ ሊሆን ይችላል፣ የአያታቸው ምሥጢርም ሊሆን ይችላል፣ ያንን መስማት የማይፈልግ ሰው ካለ ቱቦው ባይከፈት ይሻላል። ከተስማሙ የባለቤትሽ አባት ይስጡ፣ ታሪኩን ማወቅ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው፣ ከትውልዱም አንድ ደረጃ ቀደም ይላሉ።